ክብርት ኛዋልና በካሬ የማይቆረጠው በሬ

ጎረቤቱ ኬክ ጋጋሪ የሆነችበት ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ተራ ቀን የሚባል ነገር የለውም። ይህን በጋምቤላ ከተማ ፎቶ ኮፒ በማንሣት የምተዳደረው እኔ አስማረ በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ። ዛሬ ተራ ማክሰኞ ነው ብላችሁ ትነሣላችሁ። የለም! የልጃችሁ ጥርስ ተነቅሏል፤ ባለቤታችሁ ከወባ አገግማለች፤ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት መጥቷል። እናንተ "ተመስገን" ብላችሁ ልታልፉት ስትሉ በአጥሩ ላይ አንድ ራስ ብቅ ይላል።

"ይሄማ ኬክ ያስፈልገዋል!"

የዚህች ዓይነት ሴት በእናንተም ሰፈር እንዳለች አውቃለሁ። ሳሎኗ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ፋብሪካ ነው። ሶፋዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዱቄት ታትሞበት ይነሣል። ስልኳን ብትከፍቱ ከዘመድ ፎቶ የኬክ ፎቶ ይበልጣል። የእኛዋ ግን፣ በሙሉ ማዕረጓ ልጥራትና፣ ክብርት ወይዘሮ ኛዋል ዱዋል፣ የጋምቤላ ከተማና የአካባቢዋ የልደት፣ የሠርግ፣ የምርቃትና የማናቸውም ሰበብ ኬክ የበላይ ጠባቂ፣ ከሁሉም ትለያለች። ለምን እንደምትለይ ዛሬ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው!

አጀማመሯን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የመጀመሪያው ተጎጂ እኔ ነኝና። አምና፣ የሁዳዴ ቅበላ እሑድ፣ በራችን ተንኳኳ። ኛዋል ነች። እጇ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ጥቁር ነገር።

ባለቤቴ እታገኝ ጠጋ ብላ፣ "ከሰል ማደል ጀመሩ እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ጋሽ አስማረ፣ ቅመስ! የመጀመሪያዬ ነው" አለች ኛዋል። ብየዳ ቤት ከበርሜል ያሠራችው ምድጃ በዚያው ቀን ነበር የተመረቀው፤ ከላይም ከታችም ፍም የሚደረግበት። ከላይ የተደረገው ፍም ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።

በላሁ። ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ ነበር፤ በመካከል አንዲት ቀጭን መሥመር ብቻ ኬክ ነበረች። ዐይኖቿ ከአፌ ላይ አልተነሡም። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ በዚያ ጥቁር ነገር ላይ ምን ያህል ተስፋ እንደጫነች ፊቷ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ሳህኑን ባዶ አደረግሁትና "ግሩም ነው" አልኳት። ነገ ጾም ይገባል፣ ሁለተኛ አይመጣብኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያቺ "ግሩም ነው" ናት ጉድ የሠራችኝ! ሳምንት ሳይሞላ አጥሯ ላይ "ኛዋል ኬክ፣ በትዕዛዝ" የሚል ቆርቆሮ ተሰቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ከተማ "እርስዎ" የሚባለውን ቃል ሙቀቱ አቅልጦታል መሰለኝ፤ ኛዋል ለአለቃውም፣ ለፓስተሩም፣ ለእኔም "አንተ" ነው የምትለው። ቅር አይለኝም። "ጋሽ"ን ጨምራልኛለችና።

ሙያው ቶሎ ገባት፤ ፈተናው ግን ሌላ ነው። በዚህ ሙቀት ክሬም እንኳን ኬክ ላይ፣ ሐሳብ ውስጥም አይቆምም። ማቀዝቀዣ ስላልነበራት ከአሳ ነጋዴው ፍሪዘር አንድ ጥግ ለመነች። የመጀመሪያው ወር ኬኮች ቫኒላና የባሮ አሳ ነበሩ። እውነቴን ነው! የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በሽኝቱ ላይ ሁለት ቁራሽ በልቶ፣ "የሆነ የማውቀው ጣዕም አለው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኛዋል ፈገግ እንኳ ሳትል፣ "የአገር ውስጥ ቅመም ነው" አለችው። በማግስቱ ባለ ክዳን ባልዲ ገዛች፤ አሳው ከኬኩ ተለየ።

ደንበኛ የምታገኝበትን መንገድ ስነግራችሁ ደግሞ እኔም ተባባሪ መሆኔን አትርሱ። ሰው መታወቂያውን ኮፒ ሊያስነሣ ሱቄ ይመጣል። ኛዋል ወረቀት እንደምትገዛ ሆና ጠረጴዛዬ ላይ ትደገፋለች። ማሽኑ መታወቂያውን ሲተፋ ዐይኗ የሚሄደው ወደ ፎቶው ሳይሆን ወደ ልደት ቀኑ ነው።

"ወንድሜ፣ ሐሙስ ነው እንዴ ልደትህ? ሰላሳኛህ? ይሄማ ኬክ ያስፈልገዋል!"

ሰውየው ኮፒ ሊያስነሣ መጥቶ ባለ ሁለት ኪሎ ኬክ አዝዞ ይወጣል።

አንድ ቀን ጀዊ መጠለያ ከምትኖር የአክስቷ ልጅ ጋር መጣች። የልጅቱን የስደተኛ ካርድ ኮፒ አነሣሁ። ልደት፦ ጃንዋሪ አንድ። የእናቷን አነሣሁ። ጃንዋሪ አንድ። የወንድሟ፣ የአጎቷ፣ የአጎቷ ሚስት፣ ሁሉም ጃንዋሪ አንድ! መዝጋቢው ቀኑን የማያውቀውን ሰው ሁሉ እዚያች ቀን ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ይህን ዐሥር ዓመት ኮፒ ሳነሣው ኖሬ አንድም ቀን ምንም ነገር አልታየኝም። ኛዋል ግን ወርቅ እንዳገኘ ሰው ጠረጴዛዬን በጥፊ መታችው።

"ጋሽ አስማረ! ጀዊ ሙሉ በአንድ ቀን ተወልዷል!"

በጃንዋሪ አንድ ጠዋት የሰፈራችንን ሹፌር የወንዶሰንን ባጃጅ በትናንሽ ኬኮች ሞልታ ጀዊ ገባች። አንዲት አሮጊት ኬኳን ተቀብለው ነገሩ ሲተረጎምላቸው፣ "እኔና ልጄ በአንድ ቀን ተወለድን? ታዲያ ማን ማንን ወለደ?" ብለው ሰፈሩን በሣቅ ገለበጡት ይባላል። ገሚሱን ሸጠች፣ ገሚሱን አደለች። ባጃጁ ወር ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ወንዶሰን "ተሳፋሪ ሲወርድ ሱሪው ይቀራል" እያለ እስከ ዛሬ ይከሳታል።

ተራው ደግሞ ለእኔ ደረሰ። ልደቴን ጠየቀችኝ። መታወቂያዬ መስከረም አንድ ይላል፤ እሱ ግን የቀበሌው ጸሐፊ የፈጠረው ልደት እንጂ የእኔ አይደለም። ወላጆቼ በሰባ ሰባት ከወሎ አቦቦ በሰፈራ ሲመጡ እኔ፣ እንደ እህቴ አባባል፣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እንደ ወንድሜ አባባል ደግሞ በእግሬ እየሮጥኩ የሰው ዳቦ እሰርቅ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዬ ከአርባ ሁለት እስከ አርባ ስምንት ነው። ይህን ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። እሷ ግን አልሣቀችም።

"ልደት የሌለው ሰው እንዴት ይሆናል? ቆይ፣ እኔ እፈልግልሃለሁ" አለች፤ የጠፋ ፍየል የምትፈልግልኝ ይመስል።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ሰላም የነሣችኝ ይህች ሴት፣ በየካቲት መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ይዛ ሱቄ ገባች። "ሦስት ኮፒ" አለች፤ ዐይኗ በሩ ላይ ነው። ኮፒ የሚያነሣ ሰው የሚያነሣውን አያነብም ይባላል። ውሸት ነው፤ ሁላችንም እናነባለን። ፑኝዶ፣ የአንድ ድርጅት የሠራተኞች ግቢ ወጥ ቤት፣ የምግብ ክፍል ኃላፊ። ቋሚ ደሞዝ፣ መኖሪያ ቤት። መልስ እስከ ሰኞ መጋቢት አንድ።

"ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ጋሽ አስማረ፣ ትልልቅ ሠርግ የሚደግሰው ሁሉ ኬኩን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያስመጣል። እኔ የጥርስና የወባ ኬክ ብቻ እየጋገርኩ ልጆች ላስተምር? አንድ ትልቅ ሠርግ ልሞክር። ሰው ፊት ከቆመልኝ እቀመጣለሁ። ከወደቀ ምድጃዬን ለዳቦ ቤቱ ሸጬ ፑኝዶ እገባለሁ።"

ማታ ለእታገኝ ስነግራት፣ "እሰይ፣ አጥሩ ላይ የሚሰቀል ራስ ይቀርልሃል፤ ስታማርር አልነበር?" አለችኝ። አዎ፣ ሳማርር ነበር። ራቴን ግን አልጨረስኩም።

ትልቁ ሠርግ ተገኘ። ሩአች ይባላል፣ ኩሌ መጠለያ የሚሠራ ጎልማሳ። ታናሽ ወንድሙን ሊድር ነው፤ ቅዳሜ የካቲት ሃያ ዘጠኝ። አምና በዘመዱ ሠርግ አየሩ ከፍቶ ኬኩ ሙሽሮቹ በወጡ በማግስቱ ስለደረሰ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱን ፈርቶታል። ባለ አምስት ፎቅ ነጭ ኬክ በስልኩ አሳያት።

"አምስተኛው ፎቅ ምሳ ሳይደርስ ምድር ቤት ይገባል" አለችው። "እሱን ተውና ንገረኝ፤ ጓንዶንግ ማቻር በጎረምሳነቱ በሬው ምን ዓይነት ነበር?"

ጓንዶንግ አያት ማለት ነው። ማቻር የሩአች አያት ናቸው፤ ኢታንግ አጠገብ የሚኖሩ፣ ከበር አጎንብሰው የሚገቡ ረጅም ሽማግሌ። የኑዌር ጎልማሳ በወጣትነቱ አንድ የራሱ በሬ ይኖረዋል። አይታረስበትም። ይዘፈንለታል፣ ይኮራበታል፣ ጓደኞቹም በበሬው ስም ይጠሩታል። እኛ አቦቦ ያደግን የሰፋሪ ልጆች በሬን የምናውቀው ከኋላው ነው፣ እርፍ ይዘን። ስለዚህ ኛዋል "ኬኩ የጓንዶንግ በሬ ይሆናል" ስትል የታየኝ ነገር ቢኖር ጭራ ብቻ ነው።

ኢታንግ ሄዳ ሽማግሌውን አነጋግራ መጣች። በሱቄ በር የገባችው እየሮጠች ነው። "ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ በትልቁ አትምልኝ!"

ስልኩን ተቀበልኩ። በሬ የለም። ሁለት እጆቻቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ቀኙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ግራው በግንባራቸው ላይ ወደ ዐይን ታጥፎ።

"በሬው የታለ?"

"እሱ ነዋ! ቀንዱን እያሳየኝ ነው። በሬው ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ የጓንዶንግ እጅ ግን አልረሳውም። ግራ ቀንዱ ወደ ዐይኑ የወረደ ነበር። ነጭ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር፣ አንድ ዐይኑ ዙሪያ ጥቁር።"

የሽማግሌውን ክንዶች አሳድጌ በአራት ወረቀት አተምኩና በፕላስተር አጋጠምኩላት። በዐሥር ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን ጠቃሚ ሰው ሆኜ አላውቅም! በዚያ ልክ ቀንድ ተቆረጠ፤ ውስጡ ብስኩት፣ ላዩ ክሬም።

ቅዳሜ መጣ። ጋምቤላን በየካቲት መጨረሻ የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጥላችሁ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። አዳራሹ ከባሮ ድልድይ ማዶ ነው። በሬው በሰፊ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ ዙሪያውን በረዶ በሆኑ የውኃ ጠርሙሶች ታጅቦ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎኑ።

"ወንዶሰን፣ እርጉዝ እንደጫንክ ንዳ!" አለች።

"እርጉዝማ ይሄን ያህል አትከብድም" አለ ወንዶሰን። ድልድዩ ላይ ፍየሎች ቀደሙን። አንዷ ዘወር ብላ በሬውን አየችው፤ ያየችው ነገር የገባት አልመሰለኝም።

አዳራሽ ደረስን፤ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ስልክ ሁሉ ወጣ። ዐይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ትከሻው ጥቁር፣ ሌላው ወተት! ከላዩ አየር ማራገቢያ ይሽከረከራል። ደስታዬ ጣሪያ ደረሰ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አለና ቆመ። የግራው ቀንድ መውረድ ነበረበትና መውረዱን የታዘበው የለም። ቀኙ ግን እሱም መውረድ ጀመረ።

"ጋሽ አስማረ፣ ከኋላ ግባ። ቀኙን ያዝ" አለችኝ ኛዋል፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ይኸው እኔ፣ የሚስት ባል፣ የንግድ ፈቃድ ያለኝ ሰው፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ኋላ ተንበርክኬ የበሬ ቀንድ በሻይ ማንኪያ ደገፍኩ። ጾም ላይ ነኝ። የክሬሙ ቅቤ በእጄ አንጓ ተንሸራትቶ ወደ ክርኔ ይወርዳል። እታገኝ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን አስግጋ የምታየው አፌን ነው።

ጓንዶንግ ማቻር ገቡ። በዱላቸው እየተመሩ መጥተው በሬው ፊት ቆሙ። ከዚያ ዱላቸውን ለሩአች ሰጡና ሁለቱን እጆቻቸውን አነሡ፤ ቀኙ ቀጥ፣ ግራው ወደ ዐይን። በተሰነጠቀ ድምፅ ዘፈኑ። አንድ ሽማግሌ ተቀበላቸው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ! በበሬው እግሮች መካከል አየኋቸው፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። የእኔም ረጥቦ ነበር፤ ላብ ነው ብዬ ላልፈው እችላለሁ።

ዘፈኑ ሲያበቃ መድረክ መሪው በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ፣ "አሁን ሙሽሮቻችን ኬካቸውን ይቆርሳሉ! አምስት! አራት!" አለ። ሙሽራውና ሙሽሪት ቢላውን አብረው ያዙ። የበሬው ግንባር ላይ አሳረፉት።

"ቁሙ!" አሉ ማቻር። ቋንቋቸውን የማንችለውም ገባን። አጠገቤ ያጎነበሰ አንድ ሰው ቀስ እያለ ይተረጉምልኝ ጀመር።

"በሬ ከግንባሩ ይጀመራል? ማን ነው ያሳደጋችሁ?"

መድረክ መሪው ፈገግ አለ። "አባባ፣ ችግር የለም፤ በካሬ በካሬ ቆርጠን ለሁሉም እኩል..."

"በሬ በካሬ አይቆረጥም!" ዱላው ወለሉን መታ። "የእናት ወንድም ድርሻ የቱ ነው? የአባት እህት ድርሻ የቱ ነው? የሚያውቅ አለ? የለም? እንግዲያው አይነካም። በሬዬ ይቁም።"

ይቁም! እንዴት ነው የሚቆመው? ማንኪያዬ ላይ ያለው ቀንድ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው። የግራው ዐይን ውስጥ ሊገባ ደርሷል። ሆዱ ሥር ነጭ ጠብታ ወረደ። ሦስት መቶ ሰው ያያል። ሩአች ጆሮዋ ሥር ገብቶ "ኛዋል፣ ምን ይሻላል? እየቀለጠ ነው" አላት። እሷ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ተመለከተች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የፑኝዶው ደብዳቤ ኮፒ ሲነሣ ያየችበት አስተያየት ነው።

ከዚያ ቢላውን ከሙሽሮቹ እጅ ተቀበለች። በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችው። ሽማግሌው ፊት ተንበርክካ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

"ጓንዶንግ፣ እኔ ሠራሁት እንጂ ድርሻውን አልመደብኩም። እነዚህ ልጆች አያውቁትም። በሬው ያንተ ነው፤ አንተ አከፋፍለው።"

ሽማግሌው ቢላውን ተመለከቱ። በሬውን ተመለከቱ። ቢላውን ተቀበሉ!

ወገኖቼ፣ እንደዚያ ያለ የኬክ አቆራረስ አይቼ አላውቅም! ጓንዶንግ በቢላው ጫፍ ያሳያሉ፣ ኛዋል ትቆርጣለች፣ ሩአች ይጠራል፣ መድረክ መሪውም ነገሩ ገብቶት በድምፅ ማጉያው ያስተጋባል፦ "የኋላ ቀኝ እግር! የኋላ ቀኝ እግር ባለቤቶች፣ የሙሽራው እናት ወንድሞች፣ ወደፊት!" አጎቶቹ እየተንጎራደዱ መጡ። "ጎድን፣ ለአባት እህት!" አክስቲቱ እልል እያለች ተቀበለች። የሙሽሪት ወገኖች ዝም ብለው ሊቀሩ ነው? "የእኛ እግር ከእነሱ እግር አንሷል!" ተባለ። "ሁለቱም እኮ ክሬም ነው!" አለ አንዱ። "ክሬምም ቢሆን እግር ነው!" ተባለ። ሣቅ፣ ጭቅጭቅ፣ እልልታ። በአዲስ አበባው ኬክ ጊዜ ሰው ካሬውን ይዞ ጥግ ሄዶ ዝም ብሎ ነበር የሚበላው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰው የማን ልጅ፣ የማን አጎት መሆኑን በእጁ ይዞ ይዞራል።

በመጨረሻ የቀረው ቀኝ ቀንድ ነው። ጓንዶንግ ማቻር ሊያሳዩ ጎንበስ ሲሉ ዐይን ለዐይን ተጋጠምን።

"ይሄ ማነው?"

"ጋሽ አስማረ ነው፣ ጎረቤቴ" አለች ኛዋል። "ቀንድ ያዥ።"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሣቁም፤ አሰቡበት። "እስካሁን የያዘው እሱ ከሆነ፣ ቀንዱ የእሱ ነው።"

ይታያችሁ! በሕይወቴ የተሰጠኝ ታላቅ ክብር በሁዳዴ መሐል፣ በቅቤ ተለስኖ መጣ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ እታገኝን አየኋት፣ ውጪ ወጣሁ። ጾም የማይመለከተው ወንዶሰን ባጃጁን ተደግፎ በሦስት ጉርሻ ጨረሰልኝ። "ጋሼ፣ ቀንድህ ይጣፍጣል" አለኝ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሁለት ሰዎች የአያቶቻቸውን በሬ መልክ ለኛዋል ይነግሯት ነበር፤ አንዱ እጁን አንሥቶ። እኔም ኬኩ ቆመልን፣ ከዚህ አትሄድም አልኩ።

እሷ ግን ስለ ፑኝዶ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሑድ ከበርሜሉ ጭስ አልወጣም። አጥሩ ላይ ራስ አልታየም። ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እታገኝ፣ "ምን ጠፋብህ?" አለችኝ።

"ምንም። አጥሩ ዘሟል እንዴ ብዬ ነው።"

ሰኞ፣ መጋቢት አንድ፣ ሱቅ ከፍቼ ሳልቀመጥ ወንዶሰን በባጃጁ አለፈ። "ኛዋልን መናኸሪያ አድርሻት መምጣቴ ነው። በጠዋት!" ብሎ ሄደ።

መናኸሪያ! የፑኝዶ መኪና የሚነሣው ከዚያ ነው። ያን ጠዋት የአንድ ሰውዬ ዲፕሎማ ገልብጬ አነሣሁ፤ ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ላስከፍለው ምንም አልቀረኝም። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሱቄን ዘጋሁ። በመንገድ ላይ የምለውን አዘጋጀሁ፣ ለማን እንደምለው ባላውቅም፦ ቋሚ ደሞዝ ጥሩ ነው፣ ቤትም ጥሩ ነው፣ ለልጆቹ ይበጃል። አንዱም አላረካኝም።

ቤቴ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ኬክ ተቀምጧል። ወርቅ የመሰለ፣ ማንጎ በማንጎ የሆነ። አጠገቡ ኛዋል ቆማለች፤ እታገኝም ሚስጥር አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ከንፈሯን ገጥማለች።

"የጾም ነው" አለች ኛዋል ቶሎ ብላ። "እንቁላል የለውም፣ ወተት የለውም። ማንጎው ካንተ አገር ከአቦቦ ነው፤ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ነው የተቀበልኩት። ልደትህን አገኘሁልህ።"

ኬኩ ላይ ሻማ በርቷል። አንድ። ብቻውን።

"ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው" አልኩ። "ቢያንስ።"

"አይደለም። አምና መጋቢት አንድ፣ እሑድ፣ የተቃጠለውን ኬኬን በልተህ 'ግሩም ነው' አልከኝ። ጽፌዋለሁ። ዛሬ አንድ ዓመትህ ነው።"

"እያወቅሽው ነበር? እንደተቃጠለ?"

"ጋሽ አስማረ፣ እኔም እኮ ቀምሼው ነበር!"

እታገኝ ወንበር ይዛ ሣቀች። ሻማውን እፍ አልኩ፤ በሁለተኛው ሙከራ ጠፋ። በላሁ። ይህን የምለው ጎረቤቴ ስለሆነች ወይም ክብርት ስለሆነች አይደለም፤ ማንጎው አፍ ውስጥ ሲቀልጥ አቦቦን ከነጠዋቷ አስታወሰኝ። ሦስት ቁራሽ በላሁ። አራተኛውን ሳነሣ ከኬኩ ሥር የተነጠፈው ወረቀት ብቅ አለ። ዘይት ጠጥቷል። አንድ ጥግ ላይ ክብ ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ በላይ "እስከ ሰኞ መጋቢት" የሚል ይነበባል፤ ቀሪውን ማንጎ ሸፍኖታል።

ቀና ብዬ አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ወረቀት አልቆብኝ ነበር" አለች።

እኔም ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤት እያላት ወረቀት አለቀብኝ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ቁጣ ቁጣ እያለኝ ነገርኳት። ቁጣዬን እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ የጎረቤቱ ውሻ መውለዷን ሰምታ ወደ አጥሩ እየሮጠች ነበር።